ምስክሯ የት አደረች

ይድረስ ከእናታችን ማህፀን ከእኔ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ ለወጣው፣ ከዚያ ወዲህ ግን ምንም ነገር መጠበቅ ለማይችለው ወንድሜ፤

እንደምን ሰነበትክ? የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ሚስትህ ደህና ናት? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? እማዬ ደህና ናት፤ ውርጩ ጉልበቷን ብቻ ይነካካታል። እኔም እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታው ይኸው ነው፤ የሚገባህን ያህል ሰጥቼሃለሁ። አሁን ወደ ንዴቴ ልግባ።

መደወል እችል ነበር። ሰኞ ደውዬም ነበር፤ «ኢንስፔክተሯ መጣች» ብለህ ከሳቅክ በኋላ ስብሰባ አለኝ ብለህ ጆሮዬ ላይ ዘጋኸው። ደብዳቤ ደግሞ አይዘጋም። ይህን የሚያደርስልህ የአጎታችን ልጅ ሞትላሌፑላ ነው፤ ነገ ጠዋት ሚኒባሱን ይዞ ይወጣል። ከደብዳቤው ጋር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ይሰጥሃል። ደብዳቤውን አንብበህ ሳትጨርስ ጥቅሉን እንዳትፈታ። በሕይወትህ አንድ ጊዜ እንኳን ቅደም ተከተል ጠብቅ።

የአባዬን አውሮፕላን የግራ ታጣፊ በመጋዝ ቆርጬዋለሁ። አዎ፣ በአባዬ ትንሿ መጋዝ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። ያንን አንተ የዘጋኸውን፣ በክንፉ ጀርባ ከፍና ዝቅ እያለ አውሮፕላኑን የሚያዘነብለውን፣ በወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ነፍስህን አደራ ልትሰጠው የነበረውን። ስለዚህ በዚያ ቀን በረራ የለም። «በአባቴ መቃብር ላይ በራሱ አውሮፕላን አንዣብባለሁ» እያልክ ለዘመዱ ሁሉ የነዛኸውን ወሬ አንተው ራስህ ዞረህ ልቀመው።

ለመሆኑ የአባዬ መቃብር ላይ የቆመው ድንጋይ ዘመድ በተሰበሰበበት ያለ አውሮፕላን አይገለጥም ያለህ ማነው? ድንኳኑ ተይዟል፣ በሬው ተገዝቷል፣ አጎታችን ንግግሩን ከአሁኑ እየተለማመደ ሰፈሩን አስመርሯል። እንደ አጎት «ኡም» የምንለው የአውሮፕላን መርማሪያችን ኡም ፋን የመጀመሪያ በረራ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ እንደሚደረግ ሲነግርህ «እሺ ኡም» አልክ፤ ዞር ብለህ ለአጎታችን «ድንኳኑን ሰፋ ያለ ቦታ ላይ ትከሉት፣ አንገት ቀና የሚደረግበት» አልከው። ሽማግሌው በሰባ አራት ዓመቱ በትንሽ መስታወትና በባትሪ የሰው አውሮፕላን ሆድ ውስጥ እያጎነበሰ የሚያየው ሥራ አጥቶ መሰለህ? እኔ ያን ጊዜ ዝም አልኩ። እውነቱን ልንገርህና ቀኑን እኔም ወድጄው ነበር። አባዬ አሥራ ሁለት ዓመት ደክሞበት ሳይጨርሰው የሞተውን አውሮፕላን ድንጋዩ በሚገለጥበት ቀን ሰማይ ላይ ማየት ማን ይጠላል? ጥፋቴ እዚያ ላይ ይጀምራል፤ የቀረውን ኋላ እደርስበታለሁ።

ለአክስታችን ቀብር ወደ ክዋክዋ ስሄድ ታጣፊው ጋራዡ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሆዱ ክፍት ሆኖ ነበር የተውኩት። አከርካሪው፣ ከአከርካሪው ጋር በሰኔ ያጣበቅኳቸው ሰባቱ ጎድኖች፣ ሁሉም ቁልጭ ብለው ይታዩ ነበር። የቀረው ኡም ፋን መጥቶ ውስጡን አይቶ እንዲፈርም፣ ከዚያ ቀጭኑን ኮምፔንሳቶ አልብሰን መዝጋት ብቻ ነው። ከተዘጋ በኋላ ውስጡን የሚያየው እግዚአብሔር ነው፤ እሱ ደግሞ መዝገብ ላይ አይፈርምም። አራት ቀን ቆይቼ ስመለስ ታጣፊው ተዘግቶ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ፣ እንደ ሙሽራ ተሞሽሮ ጠበቀኝ።

እማዬን ጠየቅኳት። «ልጄ መጥቶ ነበር» አለችኝ። «ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ሲኒ ሻይ አብሮኝ ሳይጠጣ ጋራዥ ውስጥ ገባና ቀረ። አባታችሁ እንጨት አገባ፤ እናንተ ደግሞ ከእንጨቱ ተወለዳችሁ።» ቀጥላ ድምጿን ዝቅ አደረገችና «ብርድ ልብሴንም ወስዷል» አለች።

ብርድ ልብሷን! የሰርጓን ብርድ ልብስ፣ የበቆሎ ራስ ጥለት ያለበትን፣ ሃምሳ ስድስት ዓመት በሣጥን ያኖረችውን፣ ለሰርግና ለቀብር ካልሆነ የማይወጣውን። ጋራዡ ወለል ላይ ከሁለት ሌሎች ብርድ ልብሶች ጋር ተጠቅልሎ አገኘሁት፤ ጥጉ ላይ ጥቁር ቀይ ኮላ ተንጠባጥቦበታል። ያ ኮላ አይለቅም፤ አንተም ታውቃለህ። ከተማ ሄዶ ሰው የሆነ ልጅ የእናቱን ብርድ ልብስ ለእንጨት ያለብሳል? ብዬ ብቻዬን ጮህኩ። የኤሌክትሪክ ማሞቂያዋም ከመኝታ ቤቷ ተነቅላ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች። አሮጊቷ ሁለት ሌሊት ያለ ማሞቂያ አደረች ማለት ነው። ይህን ሁሉ በልቤ መዝገብ ላይ አንድ በአንድ አሰፈርኩት።

ከዚያ እውነተኛውን መዝገብ ከፈትኩ። «የግራ ታጣፊ ተዘጋ፤ የዘጋው» ከሚለው አጠገብ የእኔ ስም ተጽፏል። በአንተ የእጅ ጽሑፍ።

ስልክ ላይ ያልከኝን ደግሜ ልጻፍልህ፣ ጥቁር በነጭ ሆኖ ሲታይ ምን እንደሚመስል እንድታየው። «ኡም ፋን ያንቺን ስም ሲያይ አይጠይቅም፤ የእኔን ሲያይ መቶ ጥያቄ ነው። ደግሞ አንድ ቤተሰብ አይደለን እንዴ፣ ምን ለውጥ አለው?» የኮላው ምስክርስ? ብዬ ጠየቅኩህ። «አለች፤ አባዬ የሚያኖርበት ቦታ ፈልጊያት» አልክና ስብሰባህ ደረሰ።

ምን ለውጥ እንዳለው ረስተኸዋል? አባዬ በባቡር ጋሪ መጠገኛው ሃያ ሁለት ዓመት በር ሠራ፣ መስኮት ሠራ፣ ወንበር ሠራ። አናጺ የሚለው ማዕረግ ለጥቁር አይሰጥም ነበርና በወረቀት ላይ «ረዳት» ነበር። እሱ የሠራውን በር ሾላ እንጨት ከጥድ የማይለይ አንድ ነጭ አለቃ ይፈርምበት ነበር። አንድ ቀን አባዬ ፊት ለፊቴ ምን እንዳለ ታስታውሳለህ? አንተ ትንሽ ነበርክ፣ ግን እዚያው ነበርክ። «በሩ ቢበላሽ የእኔ ነው፤ ካማረ የእሱ ነው» አለ። ጡረታ ወጥቶ በቤቱ መሥራት ሲጀምር ሕጉ አንድ ብቻ ነበር፦ የሠራ ይፈርም። ወንበር ቢሆን፣ የሬሳ ሣጥን ቢሆን፣ የአውሮፕላን ጎድን ቢሆን፣ በእርሳስ ቀኑንና ፊርማህን ሳታሰፍር አይዘጋም። አንተ ግን በአባታችን መዝገብ ላይ፣ በአባታችን አውሮፕላን ላይ፣ የአንዱን ሥራ በሌላው ስም አስፈረምክ። አለቃው የሠራውን ሠራህ።

ምስክሯን ፈለግኳት። መቼም ኮላ በተበጠበጠ ቁጥር በዚያው ኮላ ሁለት ስንጥር እንጨት «ምስክር» ብሎ ማጣበቅና በማግስቱ መስበር ከእናቴ ጡት ጋር የጠባሁት ነው። አባዬ ቁርስ ላይ፣ እማዬ የማሽላ አጥሚቱን ሳታወርድ፣ ከጋራዥ ይዟት ይገባና «እንጨቱ ወይስ ኮላው?» ብሎ ይጠይቀን ነበር። አንተ ሁልጊዜ «ኮላው!» ነበር የምትለው፣ ነገር ሲበላሽ ማየት ስለምትወድ። ቀጭ ያደርጋታል። እንጨቱ ተቦጭቆ ከተሰበረ ሥራው ጸንቷል ማለት ነው፤ ኮላው ላጥ ብሎ ከተለያየ የወር ሥራ ቢሆንም ምድጃ ይገባል። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ይልና አጥሚቱን ይጠጣል። እኔም ምስክሮቼን ከሰኔ ጀምሮ በማሳድርበት በኩሽናው መስኮት ላይ፣ ከምድጃው በላይ፣ ያንተን ፈለግኩ። የለችም። የቁርስ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ፣ የለችም። ዋሽቷል አልኩ። አሁን ስም ሰረቀ፣ ኡም ፋንን ሸወደ፣ ብርድ ልብስ አበላሸ፣ በላዩ ላይ ደግሞ ዋሸ አልኩ።

ኡም ፋንን ጠርቼ ሁሉንም ነገርኩት። ትናንት ከእርሻው በጭቃ ቦት ጫማው መጣ። መዝገቡን አይቶ ባርኔጣውን ገፋ አደረገና «ይሄ ያንቺ እጅ አይደለም፤ ያንቺ ጽሑፍ ቁጡ ነው» አለኝ። በሳንቲም ታጣፊውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቆረቆረው፤ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ። «ደህና ይመስላል፤ ግን መምሰልን አልፈርምም። ወይ ትከፍቺዋለሽ ወይ አዲስ ትሠሪያለሽ» አለ። ኮምፔንሳቶውን በየጎድኑ መካከል እያየሁ ቆረጥኩት። እያንዳንዱን የመጋዝ ምልልስ በአንተ ስም ነው የመለስኩት፤ ይህን ደብቄ ምን ላድርግ፣ ደስ እያለኝ ነበር።

ሥራህ የተበላሸ እንዲሆን ጸልዬ ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ግን ኮምፔንሳቶውን ያጣበቅክበት ኮላ በየጎድኑ ላይ አንድም ክፍተት ሳይተው ሞልቶ ወጥቷል። ቫርኒሹ ኮላ የሚያርፍበትን ቦታ አንድ ጠብታ እንኳን አልነካም። የውሃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎቹ በየቦታቸው ናቸው። ኡም ፋን ራሱን እየነቀነቀ «ይሄ ልጅ እጅ አለው» አለ።

ከዚያ በአውራ ጣቱ ጎድኖቹን አንድ በአንድ ገፋ ማድረግ ጀመረ። አንደኛው ጸና። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጸኑ። አራተኛው ላይ ቀጭ የሚል ነገር ሰማሁ። አምስተኛው ከአከርካሪው ተላቅቆ ከነኮምፔንሳቶው ቁራጭ እጁ ላይ ቀረ። ስድስተኛውም እንዲሁ። ሰባተኛው ጸና። ሽማግሌው አምስተኛውን ጎድን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደና የተላቀቀውን ጫፉን በብርሃን አየው፤ ጎኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈውንም አነበበ።

«የዚህኛው ምስክር ተሰብራለች?» አለኝ።

ተሰብራለች አልኩት። እንጨቱ ነው የተሰበረው። መዝገብ ላይ አለ፣ «ጸንቷል» ተብሎ።

«የት ነው ያደረችው?»

አልገባኝም። ማለት ገብቶኛል፤ ግን ጆሮዬ አልሰማሁም አለኝ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ረጋ ብሎ፣ ሕፃን እንደሚጠየቅ። «እኅቴ፣ ምስክሯ የት አደረች? እዚህ ከሥራው አጠገብ ነው ወይስ ሌላ ቦታ?»

ይህን ኮላ ታውቀዋለህ። ብርድ ላይ ከደረቀ መድረቁ ለዓይን ነው፤ ኋላ ብታሞቀው ዋጋ የለውም። በሰኔ ማታ ማታ ጋራዡ ውስጥ ባልዲ ውሃ በረዶ ይሠራ ነበር። ኩሽናው ግን ከሰሉ ምድጃ ሌሊቱን ሙሉ ይሞቃል። አባዬ ምስክሯን ያመጣት የነበረው ጠዋት ነው፤ ሌሊቱን ከሥራው ጋር አንድ ብርድ በርዷት ታድር ነበር። ቁርሱን አስታውሼ ጋራዡን ረሳሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንጨት ሥራ አስተምሬ፣ በማለዳ ውርጭ ላለመውጣት፣ ቶሎ ሰብሬ ቶሎ ለመጻፍ፣ የወሩ መጨረሻ ቅዳሜ እንዳያመልጠን ብዬ ምስክሬን ኩሽና አሳደርኳት።

ኡም ፋን ጎንበስ ብሎ ከጠረጴዛው ሥር፣ ሚስማር ላይ በክር የተንጠለጠለች ስንጥር አወጣ። የአባዬ ሚስማር። ከታጣፊው ሥር አንድ ስንዝር ርቀት ላይ። ያንተ ፊርማና ቀን አለባት። ሰጠኝና ሰበርኳት፤ እንጨቱ ተቦጨቀ። ያኔ ብርድ ልብሶቹ ገቡኝ። ማሞቂያዋም ገባኝ። ታጣፊውን ከነምስክሯ አልብሰህ ሁለት ሌሊት አሙቀኸው ነበር። ኩሽና ውስጥ ፈልጌ ያጣኋት እኔ ነኝ፤ አንተማ አባዬ የሚያኖርበት ቦታ ብለህ ነግረኸኝ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ጠየቅኩት፤ ባልጠየቅኩ ይሻለኝ ነበር። ሳይዘጋ በፊት መጥተህ ክፍቱን ብታየው ኖሮስ? አልኩት። ባርኔጣውን አውልቆ ጭኑ ላይ አራገፈው። «መገጣጠሚያው ንጹሕ ነው። ምስክሯ ተሰብራ መዝገብ ላይ አለች። ሥራውም ያንቺ ነው። በጣቴ እንኳን አልነካውም ነበር፤ እፈርምልሽ ነበር» አለኝ። ከዚያ በኋላ ሻይ አልጠጣም ብሎ ሄደ።

አየህ፣ አንተ ሰርቀህ ባትዘጋው ኖሮ እኔ በንዴት አልቆርጠውም ነበር። ይህን ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አታንብበው፤ ምስጋና አይደለም። የሠራኸው ስህተት ነው። ስሜን መጻፍህ ስህተት ነው። ኡም ፋንን ማታለልህ ስህተት ነው። እማዬን በብርድ ማሳደርህ ስህተት ነው። በእኔ ላይ የደረሰው የአንተን ጥፋት ትንሽ አያደርገውም፤ እንዲያውም የበለጠ ያናድደኛል፤ ምክንያቱም አሁን ሙሉ ንዴቴን አንተ ላይ አውርጄ ማረፍ አልችልም።

መዝገቡን አስተካክያለሁ። «የዘጋው» ከሚለው አጠገብ ስሜን ሰርዤ ያንተን ጽፌያለሁ፤ መጥተህ ራስህ ትፈርማለህ። ከሥሩ ሌላ መስመር ጨምሬያለሁ፦ «ተከፈተ። አራተኛ፣ አምስተኛና ስድስተኛ ጎድን ወደቁ።» ከዚያ አጠገብ ፈርሜያለሁ።

ለእማዬ ማታ ነገርኳት። አጥሚቷን እየጠጣች ሰማችኝ። ስትጨርስ «የመቃብር ድንጋይ አንድ ይበቃናል» አለች። ብርድ ልብሷን ለማጠብ ሳነሳው ከእጄ ቀማችኝ። «ተዪው፤ እድፉ አይታጠብ። ልጄ ያደረበት ነው» ብላ ጉልበቷ ላይ ደረበችው።

ለመገለጡ ቀን በአውቶቡስ ና። ሰው ሲጠይቅህ አውሮፕላኑ አልደረሰም በል፤ የማንም ስም እንዳታነሳ፣ የእኔንም የአንተንም። ካሮጌ ልብስህ አንዱን ያዝ። እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ አዲስ ጎድኖች እናጣብቃለን፤ ማሞቂያ ከራስህ ቤት አምጣ፣ የእማዬን አንነካም። ምስክሯን አንተ ስቀላት። ሰኞ ጠዋት ቁርስ ላይ አንተ ታመጣታለህ፣ እኔ እሰብራታለሁ፤ «ኮላው!» ብትል ግን እመታሃለሁ።

አሁን ጥቅሉን ፍታው። ምስክርህ ውስጡ ናት፤ ያንተ ናት፣ አስቀምጣት። ሌላው አምስተኛው ጎድን ነው። ከላዩ የቀረውን የኮምፔንሳቶ ቁራጭ በጥፍርህ ልታላቅቀው ሞክር፤ አትችልም፤ ያ ያንተ ኮላ ነው። ከዚያ ከአከርካሪው ጋር የነበረውን ጫፍ በጣትህ ዳብሰው። እንደ ሳህን ልሙጥ ነው፤ አንድ ጭረት እንጨት አልተቦጨቀበትም። ቀስ ብለህ ጎኑን አዙርና በእርሳስ የተጻፈውን ቀንና ፊርማ አንብብ። ያንተ አይደለም፤ እዚህ ላይ ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ እጄ እምቢ አለኝ።

ለሚስትህ ሰላምታዬን ንገርልኝ። እግዚአብሔር መንገድህን ያቅናልህ፤ የምትይዘውን ሁሉ ያጽናልህ። ዕድሜህ ከእኔ ቁጣ ይርዘም። ድንጋዩ በሚገለጥበት ቀን እግርህ መሬት ላይ ሆኖ አጠገቤ ያቁምህ፤ ዘንድሮ ሌላ ነገር አልለምንም።

ገና ያልበረደላት
ታላቅ እህትህ